የጓሮ ሲኒማ በደብረ ማርቆስ፦ ፕሮጀክተሩን ከመግዛትህ በፊት

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ የምኖረው ደብረ ማርቆስ ነው። ከቤታችን ጀርባ 8 በ12 ሜትር የሚሆን ጓሮ አለን። ቅዳሜ ቅዳሜ ማታ ለእኛም ለጎረቤትም ልጆች ፊልም ላሳይ አስቤያለሁ። አንድ ሱቅ ውስጥ ‹9,000 ሉመን› የሚል ትንሽ ፕሮጀክተር አይቻለሁ፤ ዋጋውም የሚቻል ነው። ልግዛው? ሸራውን ከምን ልሥራው? መብራትም እየሄደ ያስቸግረናል። ያጠራቀምኩትን ገንዘብ በሙሉ ፕሮጀክተሩ ላይ ላውለው ወይ?»

መልስ፦

ወንድሜ፣ ከመጨረሻው ልጀምር። በሙሉ አታውለው። ግማሽ ያህሉን ለሸራው፣ ለድምፁና ለመብራቱ አስቀር። ሠርግና ስብሰባ ላይ ፕሮጀክተርና ድምፅ መዘርጋት ሥራዬ ነው። ደጅ ላይ የተዘረጋ ሲኒማ ሲከሽፍ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የፕሮጀክተሩ አይደለም። የጎረቤት አምፖል ምስሉን ያደበዝዘዋል። ነፋስ ሸራውን ያርገበግበዋል። ከኋላ የተቀመጠው ሰው ንግግሩ አይሰማውም። ፊልሙ ሊያልቅ ሲል መብራት ይሄዳል። ይህን ቀድሞ ያሰበ ሰው በመካከለኛ ዕቃም ጥሩ ምሽት ያሳልፋል።

ያየኸውን ፕሮጀክተር ግን ተወው። ሉመን የብርሃን መጠን መለኪያ ነው። ካርቶን ላይ ዝም ብሎ «ሉመን» ተብሎ የሚጻፈው ቁጥር ማንም ያልለካው ሊሆን ይችላል። ልትጠይቅ የሚገባህ «አንሲ ሉመን» ወይም «አይሶ ሉመን» ስንት ነው ብለህ ነው። አንሲ ማለት ሸራው ላይ ዘጠኝ ቦታ ተለክቶ አማካዩ የተወሰደ ብርሃን ነው። እንዲህ ዓይነቶቹ ትንንሽ ፕሮጀክተሮች በዚህ መለኪያ ሲለኩ ብዙዎቹ ከ100 እስከ 300 ባለው ውስጥ ይወድቃሉ። ሻጩ አንሲውን ሊነግርህ ካልቻለ፣ ብርሃኑ ትንሽ ነው ብለህ ገምት።

ለአንተ ጓሮ ስንት ይበቃል? ባለ 120 ኢንች ሸራ ወርዱ 2 ሜትር ከ66፣ ቁመቱ 1 ሜትር ከ49 ይሆናል። ወደ 4 ካሬ ሜትር ማለት ነው። ሲኒማ ቤቶች የሚከተሉት ደረጃ ነጩ ሸራ በካሬ ሜትር 48 ካንዴላ (የድምቀት መለኪያ ነው) ያህል እንዲያበራ ነው። ይህን በማያብረቀርቅ ነጭ ጨርቅ ላይ ለማግኘት በካሬ ሜትር 150 ሉመን ግድም መድረስ አለበት። ለ4 ካሬ ሜትር 600 ሉመን መሆኑ ነው። አምፖል እያረጀ ይደክማል፣ ጨርቁም ጥቂት ብርሃን ያስቀራል፣ ጓሮም እንደ ሲኒማ አዳራሽ ድቅድቅ አይልም። ስለዚህ ከ1,000 እስከ 1,500 አንሲ ሉመን ያለው ፈልግ። 200 ሉመን ያለው ፕሮጀክተር በዚሁ ስሌት የሚሸፍነው ባለ 70 ኢንች ምስል ነው። ያ ትልቅ ቴሌቪዥን ነው። ሃያ ልጅ ተሰብስቦ የሚያየው አይደለም።

አንድ ሌላ መንገድ አለ። መሥሪያ ቤቶች ተጠቅመው የሚሸጧቸው ያገለገሉ ፕሮጀክተሮች አሉ። 3,000 አንሲ ሉመን የሚሰጡ አይጠፉም። ከአዲስ መጫወቻ መሰል ዕቃ ያገለገለ ደህና ዕቃ እመርጣለሁ። ስትገዛ ግን ሜኑው ውስጥ ገብተህ አምፖሉ ስንት ሰዓት እንደሠራ አንብብ። የብዙዎቹ አምፖል ከ3,000 እስከ 5,000 ሰዓት ነው ዕድሜው፤ ምትኩም በቀላሉ አይገኝም። ሱቁን አስጨልመህ ሙሉ ነጭ ምስል አስከፍት። ነጠብጣብ ወይም ቢጫ እድፍ ካየህ ተወው። ከዚያ ጽሑፍ ያለበት ፊልም አስከፍትና ከአራት ሜትር አንብበው። «1080 ይደግፋል» የሚለው ቃል አያታልልህ። ፋይሉን ይቀበላል ማለት እንጂ በዚያ ጥራት ያሳያል ማለት አይደለም። የራሱ ጥራት፣ «ኔቲቭ» የሚሉት፣ ስንት እንደሆነ ጠይቅ። 1280 በ720 ከሆነ ለልጆች ፊልም ይበቃል። 800 በ480 ከሆነ የታችኛው ጽሑፍ ይቆራረጥብሃል።

አሁን ብዙ ሰው የማያውቀውን ልንገርህ። ለእኛ አገር ከሁሉም በላይ የሚያስፈልገው ይህ ነው። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር አልፋለች። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ዳርቻ አየር ሩብ ያህል የሳሳ ነው። ፕሮጀክተር የሚቀዘቅዘው ደግሞ በአየር ነው። ፋኑ እየዞረ አየር ይስባል፣ አየሩ ሙቀቱን ይዞ ይወጣል። አየሩ ሲሳሳ በዚያው ዙር የሚወጣው ሙቀት ይቀንሳል። ውስጡ ይግላል፣ አምፖሉ ዕድሜው ያጥራል፣ አንዳንዱ መሀል ላይ ራሱን ያጠፋል። ሰው «ዕቃው ብልሽት አለበት» ይላል። ዕቃው ግን ደህና ነው።

መፍትሔው ሜኑው ውስጥ ተቀምጧል። ደህና ፕሮጀክተሮች «ሃይ አልቲቲዩድ» የሚል ማስተካከያ አላቸው። እሱን ስታበራ ፋኑ በፍጥነት ይዞራል። ብዙ አምራቾች ከ1,500 ሜትር በላይ ከሆናችሁ አብሩት ይላሉ። አባይ በረሃ ካልወረድክ በቀር እንጅባራም ሁን ቡሬ፣ ሞጣም ሁን ባሕር ዳር፣ ከዚያ በላይ ነህ። ፋብሪካው ማስተካከያውን አጥፍቶ ነው የሚልከው። ስለዚህ ገዝተህ የመጀመሪያው ሥራህ ይኸን ማብራት ይሁን። ፋኑ ድምፁ ይጨምራል፤ ከተመልካቹ ትንሽ አርቀው። የአየር መግቢያና መውጫ ቀዳዳዎቹን በጨርቅ ወይም በግድግዳ አትዝጋ። ዙሪያውን ሁለት ክንድ ያህል ክፍት ይሁን። በጋ ላይ አቧራ ይበዛልና ማጣሪያውን በየጊዜው አራግፍ። ይህ ማስተካከያ ጭራሽ የሌለው ዕቃ ከሆነ ለደጋ አትግዛው ባይ ነኝ።

ቀጥሎ ጨለማው ነው። በእኛ አካባቢ ፀሐይ እንደ ወሩ ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ 12 ሰዓት ከ50 ባለው ጊዜ ትጠልቃለች። ከጠለቀች በኋላ ቶሎ ይጨልማል። አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ጀምር፤ ከዚያ በፊት መጀመር ብርሃን ማባከን ነው። ጨረቃን አትፍራ። ሙሉ ጨረቃ የምትሰጠው ብርሃን ወደ ሩብ ሉክስ፣ ማለትም በካሬ ሜትር ሩብ ሉመን ብቻ ነው። የሚያስቸግርህ የሰው አምፖል ነው። አንድ ባለ 9 ዋት ኤልኢዲ አምፖል ከአምስት ሜትር ርቀት ሸራህ ላይ ከጨረቃዋ አሥር እጥፍ ገደማ ብርሃን ይጥላል። ከዚያ በኋላ ጥቁሩ ጥቁር መሆኑ ይቀራል፤ ግራጫ ይሆናል። ከመግዛትህም ከመሥራትህም በፊት አንድ ምሽት ጓሮህ ውስጥ ቁም። ብርሃን ከየት ይመጣል? የሰርቪስ ቤቱ በረንዳ? የመንገድ መብራት? ሸራውን ጀርባውን ለዚያ ብርሃን እንዲሰጥ አድርገህ ትከለው። የጎረቤትህ አምፖል እንዲጠፋልህ ግን ሄደህ በትሕትና ጠይቅ። ልጆቻቸውም የሚመጡ ከሆነ እምቢ አይሉህም።

ሸራውን በተመለከተ፣ ጠፍጣፋ ግድግዳ ካለህ ሸራ አትግዛ። ነፋስ የማይነካው፣ የማይሸበሸብ ሸራ እሱ ነው። ሲሚንቶ ከሆነ ጎርበጥ ያለውን አስተካክለህ ነጭ የውሃ ቀለም ቀባው። የዘይት ቀለም አይሆንም፤ ያብረቀርቅና መሀሉ ላይ የፕሮጀክተሩ ብርሃን ይነጣል። የጭቃ ግድግዳ ከሆነም ይቻላል። ምርጊቱን በደንብ አስለስልሰህ በኖራ ደጋግመህ ቀባው። ኖራ አያብረቀርቅም፤ ደስ የሚል ምስል ያወጣል። በየዓመቱ ከክረምት በኋላ መድገም ግን አይቀርልህም።

ግድግዳ ከሌለህ ምርጫው ሁለት ነው። አቡጀዲ ርካሽ ነው፤ ግን ስስ ስለሆነ ብርሃኑ ወደ ኋላ ያልፋል። ደርበህ አሰፋው፣ ወይም ከጀርባው ጥቁር ጨርቅ አድርግ። አዲሱን አጥበህ ተኩሰው፤ እጥፋቱ ሁሉ ምስሉ ላይ ይወጣል። ችግሩ ወርዱ ስለማይበቃ መሀል ላይ ስፌት መምጣቱ ነው። ስለዚህ እኔ የምመርጥልህ ባነር ነው። ማስታወቂያ የሚያትሙ ቤቶች ሂድና ያልታተመ፣ የማያብረቀርቅ ነጭ ባነር 3 በ1 ሜትር ከ80 ቁረጡልኝ በላቸው። ዳር ዳሩን አጥፈው ቀለበት ይመቱልሃል። የምስሉን ዙሪያ በአራት ጣት ጥቁር ጨርቅ ክፈፈው። ይህ ውበት ብቻ አይደለም፤ ጥቁር ጠርዝ ሲኖር ዓይን ምስሉን ይበልጥ ደማቅ አድርጎ ያያል።

ለመቆሚያው ከባሕር ዛፍ አጣና የተሻለ የለም። እኛ ዘንድ ሞልቷል። ቀጥ ያሉ ሁለት ወፍራም አጣናዎች ምረጥ። ከ60 እስከ 80 ሳንቲም ቆፍረህ ትከልና በድንጋይ ጠቅጥቃቸው። የሚቀበረውን ጫፍ ምስጥ እንዳይበላው የተቃጠለ ዘይት ቀባው። ከላይና ከታች አግዳሚ እሰር። የምስሉ ታች ከመሬት አንድ ሜትር ከፍ ይበል፤ ከፊት የተቀመጠ ራስ እንዳይጋርድ። ከሁለቱም ምሰሶ ጫፍ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ገመድ ወጥረህ በካስማ ምታው። ባነሩን ከምሰሶው ጋር በጠንካራ ገመድ አትሰረው። ከአሮጌ የብስክሌት ጎማ ላስቲክ ቁረጥና በየቀለበቱ አስገብተህ እሰር። ላስቲክ ይለጠጣል፣ ይመለሳል፤ ሸራው ተወጥሮ ይውላል።

ነፋሱን አትናቀው። በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ 4 ካሬ ሜትር ሸራ ላይ ከ20 ኪሎ በላይ ግፊት ያሳርፋል። ፍጥነቱ እጥፍ ቢሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ነው። ስለዚህ ሸራው ቶሎ የሚፈታ ይሁን። ከሰዓት በኋላ ደመና ከጠቆረና ነፋስ ከተነሣ ፕሮግራሙን ለሌላ ቅዳሜ አሻግረው። ከሸራው ሥር ልጆች አይቀመጡ።

ፕሮጀክተሩን የት ታስቀምጠዋለህ? መመሪያው ላይ «ትሮው ሬሾ» የሚል ቁጥር አለ። ያን በሸራው ወርድ ታባዛዋለህ። 1.5 ከሆነ ለ2 ሜትር ከ66 ወርድ 4 ሜትር መራቅ አለበት። ከሸራው መሀል ፊት ለፊት፣ ቀጥ አድርገህ አስቀምጠው። ጎን ላይ አስቀምጦ በ«ኪስቶን» ማስተካከል ምስሉን ያቃናል፤ ግን ጥራቱንም ብርሃኑንም ይቆርጣል። ተመልካቹ ከ3 እስከ 6 ሜትር ባለው ይቀመጥ። ጓሮህ 12 ሜትር ርዝመት ስላለው ይበቃሃል። ልጆች እየተሯሯጡ ብርሃኑን የሚያቋርጡብህ ከሆነ ሌላ ዘዴ አለ። ያልተደረበ ስስ አቡጀዲ ወጥርና ፕሮጀክተሩን ከጀርባው አስቀምጥ። ሜኑው ላይ ከኋላ የሚለውን ስትመርጥ ምስሉ ይገለበጣል፤ ከፊት ያለው ሰው ትክክል ያየዋል። ጥቂት ብርሃን ታጣለህ።

ድምፅ ላይ አትቆጥብ። ቤት ውስጥ ግድግዳው ድምፁን ይመልስልሃል። ጓሮ ላይ የሚመልስ የለም። ርቀቱ እጥፍ በሆነ ቁጥር ድምፁ በ6 ዴሲቤል ይወርዳል። ፕሮጀክተሩ ውስጥ ያለችው ስፒከር ምንም አትረባህም። ሁለት ስፒከር ከሸራው ግራና ቀኝ፣ ከመሬት ከፍ አድርገህ፣ አፋቸውን ወደ ተመልካቹ አዙር። ከኋላ አታስቀምጣቸው፤ ንግግሩ ከተዋናዩ አፍ የሚወጣ መምሰል አለበት። ብሉቱዝ ከመጠቀም በገመድ አገናኝ። በብሉቱዝ ድምፁ ጥቂት ይዘገያል፤ የተዋናዩ ከንፈር ቀድሞ ይንቀሳቀሳል፣ ቃሉ ኋላ ይመጣል። ቤዙን ቀንስ። ጎረቤት የሚረብሸው ንግግሩ አይደለም፤ አጥር አልፎ የሚደልቀው ቤዝ ነው። ፊልሙን ደግሞ አስቀድመህ በፍላሽ ያዘው። በዚያች ሰዓት ኢንተርኔት ላይ አትተማመን።

ወደ መብራቱ እንምጣ። ይህን በእርጋታ አንብበው፤ የልጆች ጉዳይ ነውና። ከቤት ወደ ጓሮ የሚወጣው ገመድ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ይሁን። ተጠቅልሎ የሚቀመጥ ገመድ ከሆነ ሙሉ በሙሉ ዘርጋው፤ ተጠቅልሎ ሲሠራ ይግላል። ዲቫይደሩን ሣር ላይ አታስቀምጥ። ማታ ጤዛ ይወርዳል። በርጩማ ላይ አድርገው፣ ልጅ የማይደርስበት ቦታ። ኤሌክትሪሺያን ጠርተህ ለጓሮው መስመር በ30 ሚሊ አምፔር የሚቆርጥ ኧርዝ ሊኬጅ ብሬከር አስገባ፤ ኧርዙም መኖሩን ያረጋግጥልህ። እርጥብ መሬት ላይ ባዶ እግሩን የቆመ ልጅ ገመድ ቢነካ ሕይወቱን የሚያተርፈው ይህ ብሬከር ነው። ከምሰሶ ገመድ ቀጥሎ ሊሰናከሉበት የሚችሉትን የመብራት ገመድም በአጥሩ ጥግ አሳልፈው።

መብራት ሲሄድስ? ባለ አምፖል ፕሮጀክተር በድንገት ሲጠፋ ፋኑ አብሮ ይቆማል፤ ሙቀቱ ውስጡ ይቀራል። ለእሱ ቢያንስ ትንሽ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ለጥቂት ጊዜ ኃይል የሚሰጥ ባትሪ ያለው ሳጥን) ያስፈልጋል፤ በሥርዓት እስኪጠፋ ጊዜ ይሰጥሃል። ፊልሙን ልጨርስ ካልክ ደግሞ ባትሪና የባትሪውን ኃይል ወደ ቤት መብራት ኃይል የሚቀይር ኢንቨርተር ነው። እናስላው። ባለ 12 ቮልት 100 አምፔር ሰዓት የአሲድ ባትሪ 1,200 ዋት ሰዓት ይይዛል። እንዳይሞትብህ ግማሹን ብቻ ተጠቀም። የኢንቨርተሩ ብክነት ሲቀነስ 500 ዋት ሰዓት ያህል ይቀርልሃል። ኤልኢዲ ፕሮጀክተርህ 100 ዋት፣ ስፒከሩ 50፣ ላፕቶፑ 50 ቢበሉ ሁለት ሰዓት ተኩል ትቆያለህ። ፊልም ያልቃል። ያ የመሥሪያ ቤት ፕሮጀክተር ግን ብቻውን 300 ዋት ግድም ይበላል፤ በዚሁ ባትሪ ከአንድ ሰዓት ብዙ አያልፍም። መብራት አብዝቶ በሚጠፋበት ሰፈር ከሆንክ ይህ ልዩነት ምርጫህን ሊወስነው ይገባል። በአንተ ቦታ ብሆን 1,000 አንሲ ያለውን ኤልኢዲ ከባትሪ ጋር እወስድ ነበር። ኢንቨርተሩ «ፒዩር ሳይን ዌቭ» የሚሉት፣ እንደ ቤት መብራት የተስተካከለ ኃይል የሚሰጠው ይሁን። መብራቱ ሲመለስም ወዲያው አትሰካ፤ ኃይሉ እስኪረጋ ጥቂት ደቂቃ ጠብቅ። ጄኔሬተር ካለህ ከቤቱ ወዲያ ማዶ፣ ደጅ ላይ አስነሣው። ክፍል ውስጥ ወይም መስኮት ሥር በፍጹም፤ ጭሱ ይገድላል።

ወቅቱን አንተም ታውቀዋለህ። ከጥቅምት መጨረሻ እስከ የካቲት ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። ብርዱ ግን ማታ ከጮቄ ተራራ በኩል ሲወርድ አይቻልም። ለልጆቹ ጋቢ ይምጣ። መቀመጫ አትግዛ። ጓሮው ተዳፋት ካለው በእርከን ቆርጠህ ከድንጋይና ከጭቃ መደብ ሥራ፤ ላዩ ላይ ሰሌን ወይም ቁርበት ይነጠፋል። የኋላው መደብ ከፊቱ አንድ ስንዝር ተኩል ከፍ ይበል። ቡናና ፈንድሻ የሚያፈላው ከሰል ከገመዱ ይራቅ። ፊልሙ ሲያልቅ ፕሮጀክተሩን ደጅ አታሳድረው፤ ጤዛ ይገባዋል። ፋኑ እስኪቆም ጠብቀህ ቦርሳው ውስጥ ክተተው። ቤት ከገባ በኋላ ሙቀቱ እስኪስተካከል ወዲያው አትክፈተው።

ዝናብ ከጣለ በኋላ ባለው ማታ አሸን ይወጣል። ብርሃን ያየበት ሁሉ ይሰፍራል፤ ሸራህ ላይም ሌንሱ ላይም። ከሸራው ራቅ ብሎ ሌላ ጥግ ላይ አንድ አምፖል አብራ፣ ከሥሩ ውሃ ያለበት ሰፋ ያለ ጎድጓዳ ዕቃ አስቀምጥ። አብዛኛው ወደዚያ ይሄዳል። ባሕር ዳርና ፍኖተ ሰላም ያላችሁ አንባቢዎች ደግሞ የወባ ትንኝ አትርሱ፤ ልጆቹ እጅጌና እግር የሚሸፍን ልብስ ይልበሱ።

የመጨረሻው ጉዳይ ሰው ነው። አንድ ቀን ቀድመህ ለግራ ቀኝ ጎረቤት ንገር፤ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ እንደሚያልቅም ቃል ግባ። ኀዘን የገባበት ቤት ካለ በዚያ ሰሞን ተወው። የእንቅስቃሴ ሰዓት ገደብ ባለበት ጊዜም እንዲሁ። ሰው ሲበዛ «መግቢያ ላስከፍል» የሚል አሳብ ይመጣብሃል። ለቤተሰብና ለጎረቤት በነፃ ማሳየትና ገንዘብ ተቀብሎ ለሕዝብ ማሳየት አንድ አይደሉም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ፊልምን ለሕዝብ የማሳየት መብት የባለቤቱ ነው ይላል። ንግድ ካደረግከው የባለቤቱ ፈቃድ ያስፈልግሃል፤ የንግድ ፈቃድም ከከተማው ታወጣለህ። እስከዚያው ድረስ የፈንድሻውን በቆሎ ጎረቤት በየተራ ቢያመጣ ምንም የሚከለክለው ሕግ የለም።